የአቃቂ ወንዝ ዳር ልኬት ተጀምሯል፣ ውሃውስ? (ሰፈርተኞች ግቡና የምታውቁትን ንገሩን)

የድልድዩ_ሰፈር
ሰላም ሰላም የአቃቂ ልጆች። ከድልድዩ በታች ወንዙን ተከትለን ያለነው ሰዎች ሰሞኑን እንቅልፍ የለንም። ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ፣ የአንዱ ቤት ተቀብቶ የጎረቤቱ ቀረ፣ ከዛ ወዲህ ያለው ሁሉ ወሬ ነው። አንዱ ፓርክ ነው የሚሆነው ይላል፣ ሌላው የእግረኛና የሳይክል መንገድ ነው ይላል፣ እስከ ክረምት ማንም አይነካችሁም የሚልም አለ። ወረዳ የሄደ ሰው ሁሉ የየራሱን መልስ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ለማታውቁት፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሸገርን ማስዋብ ተብሎ በ2011 ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ነው የተባለው፣ ግምቱ 29 ቢሊዮን ብር ነበር፣ ገበታ ለሸገር ብለው ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ለዚሁ ነው። መሀል ከተማው ሲሰራ አይተናል፣ ወዳጅነት ፓርክ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፣ በጣም ደስ ይላል። ከዛ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ተጀመረና ቀጥሎ ቀበና ወንዝ ዳርም ገቡበት። አሁን ተራው የኛ ነው መሰለኝ።

እኔ መሰራቱን አልቃወምም፣ ይሄን መጀመሪያ ልበል። ግን አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከላይ ያለው ከተማ የሚለቀው ነገር ሁሉ ማረፊያው እኛ ጋ ነው። ሳር ተክለው መብራት አቁመው ወንበር ቢደረድሩ ውሃው ይሄው ከሆነ ማን ነው ሄዶ የሚቀመጥበት? ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል እኮ። ለምን ከውሃው አይጀመርም? የሚነሳው ሰውስ ወዴት ነው የሚሄደው? የምታውቁ ጻፉ፣ በናታችሁ ግን የተረጋገጠውንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ።

የበሰቃው_ጋሼ
ልጄ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ ያደግኩት ባቡር ጣቢያው ሰፈር ነው። ያኔ እናቶቻችን ወንዙ ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር፣ ዋናም የተማርነው እዚሁ ነው። ፋብሪካው እየበዛ ሲመጣ ውሃው አንድ ቀን ሰማያዊ አንድ ቀን ወይን ጠጅ ሆኖ ይወርድ ጀመር፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ነው ይባል ነበር፣ ከብቱም አልጠጣም አለ። ፋብሪካውን የጠላ ሰው ግን አልነበረም፣ የግማሹ ሰፈር እንጀራ እዛ ነው የነበረው፣ ለዛ ነው ማንም ደፍሮ ያልተናገረው።

አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ ጎርፉ ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ የሚመጣበት ቀን አለ። ለገዳዲ ግድብ በክረምት ሲሞላ በሩ ይከፈታል፣ ያ ውሃ የሚወርደው በትልቁ አቃቂ ነው። ውሃና ፍሳሽ ግድቡ ሊለቀቅ ሲል በወንዙ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ ብሎ ያስነግራል፣ ግን ሌሊት ተኝቶ ያለ ሰው፣ ከገጠር ትናንት የመጣ ተከራይ በምን ይሰማል? ሳሎን ውስጥ ውሃ ሲገባበት ነው የሚነቃው። ስለዚህ የሚለኩት ልጆች መሳሪያቸውን ብቻ አይመኑ፣ ሽማግሌም ይጠይቁ፣ ውሃው ዱሮ የት ድረስ እንደወጣ ግድግዳው ላይ እናሳያቸዋለን።

የሶስት_ልጆች_እናት
ጋሼ እድሜ ይስጥልን እውነትዎን ነው። ባለፈው ክረምት ፍራሹን ጣሪያ ስር አንጠልጥለን ነው ያደርነው።

እኔ የግል ተከራይ ነኝ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ። ልኬት ሲመጡ አከራዬን አነጋገሩ፣ ስሙን ጻፉ፣ ካርታውን አዩ፣ እኔን ማን ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ባለይዞታው ምትክ ቦታና ካሳ ያገኛል፣ የቀበሌ ቤት ያለውም ሌላ ቀበሌ ቤት ወይ ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል፣ የግል ተከራይ ምንድነው የሚያገኘው? ልጆቼ እዚህ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፣ አመት ሳይጋመስ ብነሳ የት አስገባቸዋለሁ? ኪራይ እንደሆነ ሰው ይነሳል ሲባል ገና ከአሁኑ ጨምሯል፣ ባለፈው የጠየቅኳቸው ቤቶች ሁሉ የስድስት ወር ቅድሚያ ነው የሚሉት።

የቱሉዲምቱ_መሃንዲስ
ሰላም ወገኖች። በዚህ ፕሮጀክት ላይ አልሰራም፣ ግን ሙያዬ ቅርብ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ስለ መነሳት፦ የካሳው አዋጅ 1161/2011 ነው፣ ከዛ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣበት ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። ዋናው ነገር ሰነድ ነው። ካርታ ያላችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ሰነድ አልባ የሆናችሁ ደግሞ በ1997 የአየር ካርታ ላይ ቤታችሁ ይታያል ወይ አይታይም የሚለው ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ሰው ጂአይኤስ ላይ አለ የለም የሚለው እሱን ነው። የመብራትና የውሃ የድሮ ቢል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር ሳይቀር ሰብስቡ። ቅሬታ ካላችሁ ደግሞ በቃል ነግሬያቸዋለሁ ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ በጽሁፍ አስገቡና የገቢ ቁጥር ያዙ፣ አዋጁ ላይ ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው፣ ቀኑ ካለፈ መብት ቢኖራችሁም ማን ይሰማል።

ስለ ውሃው፦ የድልድዩ ሰፈር ያልከው ትክክል ነው። ሁለት ወንዝ ነው ያለው። ትልቁ አቃቂ በምስራቁ በኩል፣ ቀበና ምናምን ወደሱ ነው የሚገቡት። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ከገፈርሳ ወርዶ በመካኒሳ በላፍቶ አድርጎ ይመጣል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ሀይቅ ይገቡና ከዛ አዋሽ ነው። ማለትም የአራት ኪሎ፣ የመርካቶ፣ የቂርቆስ ፍሳሽ በአንዱ ወይ በሌላው በኩል እኛን ሳይነካ አይሄድም። ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ታድሶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል፣ ትልቅ ስራ ነው እሱን አልክድም፣ ግን የሚያጣራው በመስመር ተያይዞ የደረሰለትን ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት የፍሳሽ መስመር የለውም፣ ጉድጓድ ነው ያለው፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ቦቴ የሚጠራ አለ፣ ለቦቴ የሚከፍለው የሌለው ዝናብ ጠብቆ ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል። ይሄ ሳይስተካከል ዳር ዳሩን ብቻ መስራት ቁስሉን ሳያጥቡ ፋሻ መጠቅለል ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ከተጠራ የምንጠይቀው ፓርኩ መቼ ያልቃል ብቻ መሆን የለበትም። የፍሳሽ መስመሩ በየት ያልፋል፣ ቤቶቹስ መቼ ይያያዛሉ ነው ጥያቄው።

ባጃጅ_08
ወቅታዊ መረጃ፦ በድሮው መንገድ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው ኮብልስቶን ከትናንት ጀምሮ ግማሹ ተዘግቷል፣ ገረጋንቲ አራግፈውበታል፣ በዛ በኩል ሰው አንወስድም። ተራ ማስከበሪያውንም ወደ ላይ ወስደውታል። በእግር የምትወርዱ በጭቃው ምክንያት ተጠንቀቁ፣ ትናንት አንድ እናት ወድቀዋል።

ሱቅ_አለኝ_እኔም
ሁላችሁም የምትሉት ይገባኛል ግን አንድ ሰው ይሄንን ማለት አለበት። ወንዙን ያበላሸው መርካቶ ብቻ አይደለም፣ እኛም ነን። ከሱቄ ፊት ለፊት ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ቆሻሻ ተሸክመው እየሄዱ ወንዝ ውስጥ የሚወረውሩ የሰፈር ሰዎች አሉ፣ ስማቸውን አውቃለሁ። የቆሻሻ ማህበሩ ልጆች በር ላይ መጥተው እየለመኑ ለምን ወንዝ ይጣላል? ከተማው የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ 180/2017 ብሎ አውጥቷል፣ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ለግለሰብም ለድርጅትም፣ ተግባራዊ ይሁን ነው የምለው።

እና ፕሮጀክቱ ይምጣ። እዚህ ሰፈር ልጅ የሚጫወትበት አንድ ሜዳ የለም፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት ሲኖትራክ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሰው ንጹህ ቦታ ሲያይ ንጹህ መሆን ይማራል። መጀመሪያ ውሃው ከተባለ ሃያ አመት ነው የምንጠብቀው።

የድልድዩ_ሰፈር
ደንቡ ይተግበር በሚለው መቶ በመቶ አብሬህ ነኝ ወንድሜ፣ ጆንያ የሚወረውረውም ይቀጣ። ግን ደንብ አስከባሪው ጆንያ የያዘችውን ሴት ይዞ ሌሊት ቱቦ የሚከፍተውን ፋብሪካ ካለፈ ሰው በደንቡ እምነት ያጣል። ሌሊት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚለቀቀውን ነገር ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ጉሮሮ ነው የሚያቃጥለው። ያ ሰዓት ላይ የሚመጣ ተቆጣጣሪ እስካሁን አላየሁም።

የላፍቶ_አትክልተኛ_ልጅ
እኔ ከሰፈራችሁ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው፣ ትንሹ አቃቂ ዳር፣ ግን ያው አንድ ጉዳይ ስለሆነ ልግባ።

አባቴ እድሜውን ሙሉ አትክልት ነው ያመረተው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት። በዚህ አትክልት ነው እኔና ወንድሞቼ የተማርነው። እናንተ ጉልት ላይ የምትገዙት ቆስጣ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው፣ በጋ ላይ ደግሞ የሚጠጣው የወንዙን ውሃ ነው፣ በሞተር እየተሳበ። አባቴ ውሃው መጥፎ መሆኑን ያውቃል፣ እጁ ይላጣል፣ ቦት ጫማ ሳያደርግ አይገባም። ሌላ ውሃ ግን የለውም።

አሁን ለልማት ይፈለጋል፣ እርሻው ይቆማል ተብሏል። አንዳንድ ሰው ሲሰማ እሰይ ይላል፣ የተመረዘ አትክልት ሊቀር ነው ብሎ። እኔም እናት ነኝ ይገባኛል። ግን የሰባ አመት ሰው ከነገ ጀምረህ ሌላ ስራ ፈልግ ሲባል ምን ይሰራል? መሬቱ ላይ ካርታ የለውም፣ ያለው የአመታት ግብር ደረሰኝ ነው። የሚያስፈልገው ንጹህ ውሃ ነው እንጂ አባቴ ማረስ አይደለም ያጠፋው። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በደንብ ተጣርቶ ለእርሻ ቢሰጥ፣ ወይ ጉድጓድ ቢቆፈር፣ ይሄ ከተማ የራሱን ሰላጣ ከራሱ ዳር ነበር የሚበላው። ማንም ይሄን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም ለዛ ነው የጻፍኩት።

እትዬ_ሰላጣ_ገዢ
አይዞሽ ልጄ፣ አባትሽን እግዜር ያቆይልሽ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ አትክልቱን በኮምጣጤ አጥበን ከበላን ችግር አለው እንዴ? እኔ እስከዛሬ እንደዛ ነው የማደርገው።

ሲስተር_ከጤና_ጣቢያ
እትዬ ኮምጣጤው ላዩ ላይ ላለው ቆሻሻና ለጀርሙ ትንሽ ይረዳል፣ በደንብ በሚወርድ ውሃ ደጋግሞ ማጠብም እንደዛው። ለትላትሉና ለታይፎይዱ ዋናው ግን ማብሰል ነው። ወንዝ ጠጥቶ ያደገ ሰላጣ ጥሬውን ለህጻንና ለነፍሰ ጡር አለመስጠት ነው የሚሻለው፣ እኔ ለቤቴም እንደዛ ነው የማደርገው።

ሌላው ጉዳይ ብረቱ ነው፣ ክሮሚየም፣ ሊድ፣ ካድሚየም የሚባሉት። ክሮሚየም በብዛት ከቆዳ ፋብሪካ ነው የሚመጣው። በአቃቂ ወንዝ በሚለማ አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች እነዚህን ደጋግመው አግኝተዋል፣ ቅጠላ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ ማለት ነው። ይሄ ተክሉ በስሩ የሳበው ስለሆነ በማጠብም በመቀቀልም አይወጣም። አንድ ቀን በልቶ የሚታመም የለም፣ በአመታት ውስጥ ነው ኩላሊትን፣ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው፣ ለዛ ነው ማንም የማይደነግጠው። ጤና ጣቢያ ላይ የማየው ተቅማጥ ነው፣ የቆዳ በሽታ ነው፣ በተለይ ክረምት ወንዙ ቤት ከገባ በኋላ። ከጎርፍ በኋላ ልጆችን በባዶ እግር አታስኬዱ፣ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙም አፍልታችሁ ጠጡ፣ እባካችሁ።

ሲኖትራክ_ያስለቀሰኝ
ስለ ጎርፍ ስታወሩ አንድ ሰው የአፈር ሙሌቱን ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ማታ ማታ ሲኖትራክ እየመጣ የህንጻ ቁፋሮ አፈርና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የሚደፋው። አፈሩ ይገፋና ይደለደላል፣ ከዛ አጥር ይታጠርበታል፣ ከዛ ቦታ ይሆናል፣ ይሸጣል። ወንዙ በዛ ልክ ጠቧል። እኛ ጋ በዚህ በኩል አፈር ሲሞላ ውሃው ወዲያ ማዶ ነው የሚወጣው፣ የማዶ ሰዎች ቤት ነው የሚገባው። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ ድንጋይ ታስሮ የሚሰራው የወንዝ ዳር ግድግዳ) በአንድ በኩል ብቻ ከተሰራም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ካልሆነ መሃንዲሱ አርመኝ።

የቱሉዲምቱ_መሃንዲስ
ልክ ነህ። በአንድ ወገን ብቻ ከታሰረ ውሃው በሌላኛው ይወጣል፣ ፍጥነቱም ይጨምርና ከታች ያለውን ዳር ይበላዋል። ሁለቱም ዳር አንድ ላይ ነው መታየት ያለበት። አሁንም የቤቶቹን ፍርስራሽ አንስተው የት እንደሚደፉት መጠየቅ አለበት፣ እዛው ወንዝ ውስጥ ከተገፋ ዋጋ የለውም።

ከካዛንቺስ_የመጣሁ
እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ በኮሪደር ልማቱ ተነስተን አሁን ገላን ጉራ ነው ያለሁት። የምጽፈው ላስፈራራችሁ ሳይሆን የኛ ጊዜ የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ነው።

ቤቱ ከድሮው ቤታችን ይሻላል፣ ይሄን ሳልል ባልፍ ነውር ነው። ሽንት ቤት አለው፣ ውሃ አለው፣ እናቴ ለሽንት ቤት ሌሊት ግቢ አቋርጣ መውጣት ቀርቶላታል። የከበደን ሰው መበተኑ ነው። እናቴ የእድሯ ሰዎች ግማሾቹ እዚህ ግማሾቹ ሌላ ቦታ ደረሱ። ስራ ያለኝ መሀል ከተማ ስለሆነ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ነው የምወጣው፣ ትራንስፖርቱ ብዙ ነገር ነው የሚበላው። ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴል ያስረክቡ ነበር፣ እዚህ ማን ይግዛቸው?

ስለዚህ ምክሬ፣ እጣ ከመውጣቱ በፊት እድራችሁ በአንድ ላይ በጽሁፍ ይጠይቅ፣ አንድ ብሎክ ባይሆን እንኳ አንድ ሰፈር አብራችሁ እንድትሄዱ። የታመመ ሰው፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ካለ ከነህክምና ወረቀቱ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። እኛ ጋ ቀድመው ያስመዘገቡት ምድር ቤት አግኝተዋል፣ ዝም ያሉት አላገኙም።

የሶስት_ልጆች_እናት
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ይሄን ለአከራዬም አነብለታለሁ።

የአባሳሙኤል_ዳር
እዚህ ማንም ስለማያስታውሰን ልጻፍ። እናንተ ከታች ነን ትላላችሁ፣ ከናንተም በታች እኛ አለን። አባ ሳሙኤል ግድብ ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት፣ ለረጅም አመት ቆሞ በ2009 አካባቢ በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ጀምሯል። ሀይቁን ደግሞ እምቦጭ ወርሶታል፣ ምክንያቱም ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው። ክረምት ሲወጣ ከውጭ ሀገር የሚመጡ ወፎች፣ ኩርኪው ሁሉ እዚህ ነው የሚከርመው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ መጥታችሁ እዩ፣ እዛ ውሃ ላይ ያን ሁሉ ወፍ ሳይ ሁሌም ይገርመኛል። እኛ ከብቶቻችንን የምናጠጣው ከዚህ ነው፣ ሌላ የለንም። የወንዝ ዳር ልማቱ ካርታ ላይ አቃቂ ድልድይ ጋ ያበቃል ከተባለ ከዛ በታች ያለው ሰው ምን ሊሆን ነው? ይሄንን ጥያቄ እናንተ ወረዳ ስትገቡ ስለኛም ጠይቁልን።

የበሰቃው_ጋሼ
እንጠይቃለን ልጄ። ከብት እዛ ስናጠጣ እኔም ከአባቴ ጋር መጥቻለሁ።

ሱቅ_አለኝ_እኔም
የአባ ሳሙኤሉ ልጅ የጻፈውን ሳነብ ውሃው ይቅደም የምትሉት ነገር ይበልጥ ገባኝ። አሁንም ፕሮጀክቱ ይምጣ ባይ ነኝ፣ ግን አብሮ ይምጣ። የሱቄ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ለጥፉ፣ ስም መመዝገቢያ ደብተርም እኔ ጋ ይቀመጥ።

የድልድዩ_ሰፈር
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እስካሁን ያነሳችሁትን ሰብስቤ ለወረዳው በደብዳቤ የሚገባ ረቂቅ እየጻፍኩ ነው፣ እድሩ ማህተም ያደርግበታል። የገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ቀይ ቀለሙ ከወንዙ ስንት ሜትር ነው የተለካው እና ለምን አንዱ ተቀብቶ አንዱ ቀረ፣ የፍሳሽ መስመሩ ከመናፈሻው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚቀበረው፣ የፋብሪካዎቹን ቱቦ ሌሊት ማን ይቆጣጠራል፣ የለገዳዲ በር ሲከፈት ለሰፈሩ በድምጽ ማጉያ እንዲነገር፣ ጋቢዮኑ በሁለቱም ዳር እንዲሰራ፣ ፍርስራሹ የት እንደሚደፋ፣ የእድር አባላት አብረው እንዲሄዱ፣ አትክልተኞች ውሃ ወይ ሌላ መሬት እንዲሰጣቸው፣ ከድልድዩ በታች እስከ አባ ሳሙኤል ያለው እንዳይረሳ። ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ቤት ጋ ሶስት ሰዓት ላይ እንገናኝ፣ ሰነዳችሁን ኮፒ ይዛችሁ ኑ፣ መሃንዲሱ ከቻልክ ናልን።

የቱሉዲምቱ_መሃንዲስ
እመጣለሁ።

የሶስት_ልጆች_እናት
ወንድሜ የግል ተከራዮች የሚለው አልገባም፣ እባክህ እሱን ጨምርበት። ቢያንስ የትምህርት አመቱ እስኪያልቅ እንዳንነሳ የሚለውንም። ሌሎች ተከራዮችን ይዤ ነው የምመጣው።

የድልድዩ_ሰፈር
ጨምሬዋለሁ እህቴ፣ ሁለተኛ ተራ ላይ አድርጌዋለሁ። ተከራዮቹን በሙሉ ይዘሻቸው ነይ።